ጠዋቱ ምድጃ ፊት የሚያልፍበት ሰው የማለዳ ጸሎቱን መቼ ያድርስ?

የሙጋዱ ጋጋሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። ጥያቄዬ ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነገሩን ከነሁኔታው ላስረዳ።

ደሴ፣ ሙጋድ አካባቢ ዳቦ ቤት ውስጥ ጋጋሪ ነኝ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እነሳለሁ። ሰባት ተኩል ሲል ዱቄቱ ማቡኪያው ማሽን ውስጥ ገብቷል። ይቦካል፣ ይቆረጣል፣ ይድቦለቦላል፣ ትሪ ላይ ይደረደራል። ከዚያ ምድጃ ነው። የመጀመሪያው ዙር አሥር ሰዓት ገደማ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ቀና ማለት የለም። ሻይ ቤቱም ሱቁም ዳቦውን የሚፈልገው አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ።

ስብከት በስልኬ እሰማለሁ። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ ቀንህን በጸሎት ጀምር፣ ሥራ ሳትነካ፣ ከሰው ጋር ሳታወራ በማለዳ እግዚአብሔር ፊት ቁም። አምናለሁ። ደግሞም እፈልገዋለሁ። ልጅ ሆኜ አምባሰል አያቴ ዘንድ ነው ያደግኩት። እሷ ውዳሴ ማርያም ሳትደግም ውሃ አትቀምስም ነበር። ለእኔ ግን ማለዳ የሚባለው የሥራዬ እኩሌታ ነው። የኪዳን፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የንጋት ጸሎት፣ ደውል ሲደወል እጄ ላይ የጋለ ትሪ አለ። ቤቴ ስገባ ደግሞ ሰውነቴ አልቋል።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሙስሊም ነው። ሱብሂ ሲደርስ ውዱእ አድርጎ ዱቄት የምናስቀምጥበት ክፍል ውስጥ ይሰግዳል። እሱ እስኪጨርስ ምድጃውን እኔ እይዝለታለሁ። ሳየው ደስ ይለኛል። የእሱ ሰዓት ታውቆ የተቀመጠ ነው። የእኔ የት ጋ ነው?

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። በሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል የሚደረግ ጸሎት የማለዳ ጸሎት ይባላል? ወይስ ጎህ ሲቀድ የግድ መቆም አለብኝ? ሥራ ቀይር የምትሉኝ ካላችሁ፣ ለጊዜው አይቻልም። ከሥሬ ሁለት የሚማሩ እህቶች አሉ።

ጡረተኛዋ ነርስ፣ ሆጤ

አብሽር ልጄ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ማግኘቴ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም የሌሊት ሠራተኛን የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው። ጠባቂው፣ ሐኪሙ፣ ሾፌሩ፣ ጋጋሪው ሁሉ ጎህ ሲቀድ ሥራ ላይ ነው። እናንተ ባትኖሩ ሌላው ሰው ቁርሱን ከየት ያመጣዋል?

እኔ ነርስ ነበርኩ። የሥራ ዘመኔ አብዛኛው በሌሊት ተረኝነት ነው ያለፈው። የሌሊት ተረኛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። በሽተኛ የሚከፋበት፣ ትንፋሹ የሚያጥርበት፣ ቤተሰብ የሚደነግጥበት ሰዓት ብዙ ጊዜ ሊነጋጋ ሲል ነው። በዚያ ላይ የሁሉንም ሙቀት ትለኪያለሽ፣ ያለቀ ጉሉኮስ ትቀይሪያለሽ፣ ለቀን ተረኞች የምታስረክቢውን ትጽፊያለሽ። በዚያ ሰዓት ነጠላዬን አጣፍቼ ልቁም ብል ኖሮ በሽተኛዬን ጥዬ መሄዴ ነበር። እግዚአብሔርም በዚህ የሚደሰት አይመስለኝም።

ስለዚህ እኔ ቀኔን የምጀምረው ማታ ነበር። ለሥራ ከተኛሁበት ስነሳ፣ ሻይ ሳልጠጣ፣ ልጆቹን ሳላናግር፣ ፊቴን ታጥቤ እቆማለሁ። በስመ አብ ብዬ አማትባለሁ። አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ከዚያ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም። ይኸው ነው። ውጭ ጨልሟል፤ ጎረቤት እራቱን እየበላ ነው። ለእኔ ግን ነግቷል። እሸት ሲደርስ መጀመሪያ የተቀጠፈው ለቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ታውቃለህ፤ አምባሰል አድገህ ይህን አታጣውም። ጊዜም እንዲሁ ነው። ከእንቅልፍህ ስትነሳ የምታገኘው የመጀመሪያው ጊዜ የእሱ ነው፤ ሰዓቱ ስንትም ይሁን።

ሁለተኛው ነገር። ክፍላችን ውስጥ በር አጠገብ አንድ ቧንቧ ነበረች። ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ስንሄድ እዚያ ነው እጃችንን የምንታጠበው። ሳሙናው እጄ ላይ እያለ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እላለሁ። ውሃው እስኪያጥበው ሦስት አራቴ ይደርሳል። ከዚያ የሚቀጥለውን በሽተኛ ስም እጠራና «እሱንም ማረው» እላለሁ። እስኪነጋ ድረስ ስንቴ እንደምታጠብ አስበው። ማንም አያውቅም ነበር። የቆምኩበትን ጸሎት ሌሊቱን ሙሉ ያቆየልኝ ይህ ነው።

አንተም ጋ እንዲህ ያለ ቦታ አለ። እስቲ ልጠይቅህ፦ ሊጡ ትሪ ላይ ሆኖ ኩፍ እስኪል ምን ትሠራላችሁ?

የኮምቦልቻ ልጅ

እኔ ግን ነገሩን ያከበዳችሁት ይመስለኛል። እግዚአብሔር ልብ ነው የሚያየው። ሰዓቱ፣ መቆሙ፣ ነጠላው… ይህ ሁሉ የደከመ ሰውን ማስጨነቅ ነው። ወንድሜ፣ እየጋገርክ በልብህ አውራው። በቃ።

ጡረተኛዋ ነርስ፣ ሆጤ

የኮምቦልቻው ልጄ፣ በልብ መጸለይን ማን ይጠላል? እኔም ቧንቧው ጋ በልቤ ነበር። ግን ዕድሜ ያሳየኝን ልንገርህ። «በልቤ እጸልያለሁ» ብሎ መቆሙን የተወ ሰው ቆይቶ የሚጸልየው ሲጨንቀው ብቻ ነው። ልጁ ሲታመም፣ ቤት ኪራይ ሲጨመርበት። ደህና በሆነ ቀን ልቡ ሌላ ሌላውን ነው የሚያወራው። መቆም ሰውነትን ሥራ ያስይዘዋል። የደከመ ልብ ሰውነቱን ተከትሎ ይመጣል፤ እኔ ላይ ስንት ጊዜ እንዲህ ሆኗል። አፌ እየደገመ ልቤ በሽተኛው ጋ ይቀርና፣ «ሰላም ለኪ» ጋ ስደርስ ተመልሶ ይመጣል።

ደግሞ ልጁ ሸክም አቅልሉልኝ አላለም። ሰዓቴን አሳዩኝ ነው ያለው። የምትወደውን ሰው መቼ እንደምታገኘው ማወቅ ማስጨነቅ አይደለም።

ዲያቆን ከሐይቅ

ሰላም ለሁላችሁ። እናታችን ሥራውን ተናግረውታል፤ እኔ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ልጨምር።

ወንድሜ፣ ጥያቄህ መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በቀንና በሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ከሚለው ከዳዊት ቃል ጋር ነው የሚያያዘው። አንተ የምታስበው ነግህን ብቻ ነው፤ ማለትም የንጋቱን። አንተ የምትነሳበት ሰዓት ግን የመንፈቀ ሌሊት ጸሎት ሰዓት ነው። ያውም የተከበረ ሰዓት። ዳዊት በእኩለ ሌሊት ሊያመሰግን እንደሚነሳ ራሱ ይናገራል። ጳውሎስና ሲላስ ወኅኒ ቤት ሆነው የጸለዩት በመንፈቀ ሌሊት ነው፤ የእስር ቤቱ መሠረት የተናወጠውም በዚያው ሰዓት ነው። ጌታችንም በወንጌል ስለ ዐሥሩ ቆነጃጅት ሲያስተምር፣ ሙሽራው መጣ የሚለው ድምፅ የተሰማው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እኛ ተኝተን አንተ በተነሳህበት ሰዓት ማለት ነው።

ስለዚህ ለጥያቄህ መልሱ፦ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስትቆም የማለዳውን ጸሎት አላጎደልክም። ሌላ የታወቀ የጸሎት ሰዓት ነው የጠበቅከው። የበዓል ዋዜማ የሚቆመው ከማታው ጀምሮ እንደሆነ ታውቃለህ። ቤተ ክርስቲያን ፀሐይ እስክትወጣ ቆማ አትጠብቅም።

የኪዳን ደውል ሲደወል ደግሞ አትዘን። ካህናቱ ኪዳን የሚያደርሱት ቅጥር ግቢው ውስጥ ለቆመው ሰው ብቻ አይደለም፤ በሥራ፣ በመንገድ፣ በበሽታ ላይ ላለውም ነው። ደውሉን ስትሰማ ትሪውን አስቀምጥ፣ አማትብ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በል፣ ሥራህን ቀጥል። ይህ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም።

ዳዊት መድገም የምትችል ከሆነ በዕለት የተከፈለ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሁድ የነቢያት መኃልይና መኃልየ መኃልይ። አሁን ይህን ሁሉ ጀምር አልልህም። እንኳን አንተ፣ ሥራ የሌለው ሰውም በአንድ ጊዜ ዘሎ ገብቶበት በሳምንቱ ይተወዋል። ከዕለቱ ድርሻ አንድ መዝሙር ውሰድ። መጀመሪያ የምመርጥልህ 62ኛውን ነው፤ በሌላው አቆጣጠር 63ኛው። «አምላኬ አምላኬ ወደ አንተ እገሠግሣለሁ» ብሎ ይጀምራል። አጭር ነው። በመኝታ ላይ ሆኖ እግዚአብሔርን ስለማሰብም ይናገራል። በቃልህ ለመያዝ ይመቻል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሃለሁ። ይህን ሁሉ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። ከእኛ የምትሰማው ምክር ነው፤ የጸሎት ሥርዓት የሚሰጡህ እሳቸው ናቸው። የምትሠራበትን ሰዓት ካወቁ ልክህን ይሰጡሃል። ካልነገርካቸው ለሁሉም የሚሰጡትን ነው የሚሰጡህ። የንስሐ አባት ከሌለህ ከጸሎት መጽሐፉም በፊት እሱን ፈልግ።

የዓረብ ገንዳዋ ሻይ ቤት

ሰላም ናችሁ? እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆኑ ተናግረዋል። ግን ከዳቦ ተቀባዮቹ አንዷ ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሱብሂን ሰግጄ ሻይ ቤቴን ስከፍት መጀመሪያ የሚመጣልኝ ዳቦ ነው። ትኩስ ነው፤ ጆንያው ራሱ ይሞቃል። የቀን ሠራተኛው፣ ተሸካሚው፣ ወደ መናኸሪያ የሚሮጠው መንገደኛ በሻይ ነክሮ በልቶት ይሄዳል። ወንድሜ፣ እኔ በዚያ ሰዓት ለጋጋሪው ዱአ አደርጋለሁ። ማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው። ምናልባት አንተ ትሆናለህ።

የእኛ የሱብሂ ሶላት ከጎህ መቅደድ እስከ ፀሐይ መውጣት ነው ጊዜው። ሁለት ረከዓ ሱና (በውዴታ የሚሰገድ)፣ ሁለት ረከዓ ፈርድ (ግዴታው)። ብዙ ደቂቃ አይፈጅም። አዛኑ ላይ «ሶላት ከእንቅልፍ ይሻላል» የሚባለውም ለሱብሂ ብቻ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለማለዳ ሥራ በረካ እንዲደረግ ዱአ አድርገዋል። የማለዳ ሥራና የማለዳ ጸሎት አይጣሉም፤ እኔ እንዲያውም አንዱ ሌላውን ሲያቀና ነው ያየሁት።

አንድ ነገር ልበል። አብሮህ የሚሠራው ልጅ ሲሰግድ ምድጃውን ትይዝለታለህ አልክ። ታዲያ ለምን አትጠይቀውም? አንተ ስትቆም እሱ ይይዝልሃል። ምናልባት እሱም አንተ የምትፈልግ አልመሰለውም ይሆናል። እኛ ወሎ ውስጥ ነው ያለነው። የእኔ እናት ጎረቤታችን ለኪዳን ስትወጣ ልጇን ትይዝላት ነበር፤ እሷ ደግሞ ረመዳን ላይ ለማፍጠሪያ የምንሠራውን ታግዘናለች። ይህን ለመጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጠይቀው።

የሙጋዱ ጋጋሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ ነርሷ፣ ዲያቆን፣ የሻይ ቤቷ እህቴ፣ አንድ በአንድ ነው ያነበብኩት። ኮምቦልቻዬ፣ አንተም ለእኔ አዝነህ እንደሆነ ገብቶኛል።

ልጁን ጠየቅኩት። ሊጥ እየቆረጥን ነበር። «አንተ ስትሰግድ እኔ እንደምይዘው፣ እኔም ደውሉ ሲደወል ትንሽ ብቆም ትይዝልኛለህ?» አልኩት። እጁ ላይ ሊጥ ነበር፤ በክንዱ ትከሻዬን መታ አደረገኝና «እስካሁን የት ነበርክ?» አለኝ። ከዚያ ራሱ አቀደው። ሱብሂ ይቀድማል፤ እሱ ሰግዶ ሲመጣ የእኔ ይሆናል። ደውሉም ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው የሚሰማው።

እትዬ፣ ስለ ሊጡ ለጠየቁኝ። የመጀመሪያው ዙር ትሪ ላይ ከተደረደረ በኋላ ኩፍ እስኪል ሃምሳ ደቂቃ፣ በብርድ ቀን ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በዚያ መሃል ምድጃውን እናግላለን፣ የሁለተኛውን ዱቄት እንመዝናለን። የቀረውን ጊዜ ግን ስልክ ላይ ነበር የምናሳልፈው። አሁን ትሪውን ደርድሬ ስጨርስ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ሊጡ ሲያድግ እያየሁ ነው የምደግመው። ቤት ውስጥ ደግሞ ስነሳ አማትቤ አቡነ ዘበሰማያትና 62ኛውን መዝሙር እላለሁ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ በሹክሹክታ ነው፤ አከራዮቼ እንቅልፍ ላይ ናቸው።

የንስሐ አባቴ አምባሰል ናቸው፤ ስልክ እደውልላቸዋለሁ። እስከዚያው ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ምሥራቁ በምድጃው በኩል ነው። ወደ እሳት ፊቴን አዙሬ መቆም ችግር አለው? ሁለተኛ፣ ልብሴ ዱቄት በዱቄት ነው። እንዲህ ሆኜ መጸለይ ድፍረት አይሆንም?

ዲያቆን ከሐይቅ

ወደ ምሥራቅ የምንቆመው የጌታን መምጣት እየጠበቅን ነው፤ መቅደሳችንም ወደዚያው ነው የሚመለከተው። አንተ የምትቆመው ወደ ምሥራቅ ነው እንጂ ወደ እሳቱ አይደለም። ስለዚህ ችግር የለውም። እንዲያውም ምድጃው ፊትህ ካለ የሠለስቱ ደቂቅን ጸሎት አስብ። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከሚነድ እሳት መሃል ሆነው ያመሰገኑት ነው። ዳዊትህ መጨረሻ ላይ ከነቢያት መኃልይ ጋር ታገኘዋለህ። እሁድ የሚደገመውም እሱ ስለሆነ፣ እሁድ እረፍት ካለህ ከእሱ ጀምር።

ጡረተኛዋ ነርስ፣ ሆጤ

የልብሱን ነገር እኔ ልመልስ። ዱቄት እድፍ አይደለም ልጄ፤ የእጅህ ሥራ ነው። እናቴ ድፎ ስትጋግር ሊጡ ላይ በጣቷ መስቀል ሠርታ ነበር የምታስገባው፤ እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ሆኖ። ብቻ ፊትህንና እጅህን ታጠብ፣ ሽርጡን አውልቅ።

ነጠላ ልያዝ ካልክ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህን የምናገረው እንደ ነርስ ነው። የተንዘረፈፈ ጨርቅ ይዘህ ምድጃ አፍ ላይ አትቁም። ነጠላና ጋቢ እሳት ቶሎ ይይዘዋል፤ ያን ዓይነት ቃጠሎ በደንብ አውቀዋለሁ። ከምድጃው ራቅ ብለህ ቁም። የዱቄቱ ክፍል በር አጠገብ ሚስማር ምታና ነጠላህን እዚያ ስቀለው። ጸልየህ ስትጨርስ እዚያው ሰቅለኸው ነው ወደ ምድጃው የምትመለሰው። ለልጁም ንገረው፤ መስገጃው ሲታጠፍ እዚያው ጎን ይሰቀላል።